በሰው መርዶ የወደድሁት መንገድ

የሰፈሬ ሰዎች፣ በተለይ ከፒያሳ ወጥታችሁ የማታውቁ፣ «ወልቂጤ ምን ይመስላል?» እያላችሁ ስትጠይቁኝ እስካሁን «ጭቃ ነው» እያልሁ አልፌያችኋለሁ። ዋሽቻለሁ። ጭቃ አለው፤ ግን ጭቃ ብቻ አይደለም። ስናገረው እውነቱ አይወጣልኝም፤ ስለዚህ ጻፍሁት። ፊደል የቆጠርሁት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነውና ቃሉ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ። ሰውዬው ቢጎረብጣችሁ ግን አትታገሡት።

ለማያውቀኝ፣ አየለ እባላለሁ። ፒያሳ በአንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ ተኳሽ ነኝ። የምኖረው ሠራተኛ ሰፈር፣ ከሚስቴ ከአስካለ ጋር በአንዲት ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ በከሰል ካውያ የሌላውን ሰው ካፖርት አቀናለሁ፤ ማታ የራሴ ሸሚዝ ተጨማዶ እገባለሁ። ምሬቴ ከዚያ ይምጣ ከሌላ አላውቅም፤ ብቻ መራራ ሰው ነኝ።

ከእኔ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚተኩስ ደምሴ የሚባል የጉራጌ ጎልማሳ ነበረ። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። በየልብሱ የምናንጠለጥለውን፣ የደንበኛ ስም የተጻፈበትን ካርቶን እያሳየ፣ ሰው ሰምቶ እንዳላፍር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያስጠናኝ ነበር። የሚያድረው እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ በመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ነበረ። ባለፈው ክረምት ማሳል ሲጀምር፣ «ጋሽ አየለ፣ እስኪሻለኝ ከመደባችሁ አንድ ጥግ ብትሰጡኝ?» አለኝ።

«ቤቴ የመንገደኛ ማደሪያ አይደለም» አልሁት።

ይኸው ነው ያልሁት። አስካለ ሰምታ «ምን አለበት?» ብትለኝ እሷንም ተቆጣኋት። በመስከረም ማለቂያ ሐኪም ቤት ገባ፤ ሳምንት ሳይሞላው አረፈ። እድራችን ቀበረው። አባትና እናቱ ከወልቂጤ ወዲያ ባለ ገጠር ናቸው፤ ምንም አልሰሙም። እድሩ መርዶውን የሚያደርሱ ሁለት ሰዎች መረጠ። አንዱ ጋሽ ሳህሌ ናቸው፤ ጊዮርጊስ አጠገብ ክርና ቁልፍ የሚሸጡ፣ የዚያው አገር ሰው፣ ቋንቋውንም ወጉንም የሚያውቁ ሽማግሌ። ሁለተኛው እኔ ሆንሁ፤ «ጓደኛው ነህ» ብለው። ጓደኛው አይደለሁም ለማለት አፈርሁ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ከመርካቶ በማለዳ ተነሣ። አስካለ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቋጥራልኝ ነበር። ጨው ረሳሽ ብዬ ተቆጥቼ ነው የወጣሁት። ከልደታ ወዲያ አገር መኖሩን በወሬ እንጂ በዓይኔ አላውቅም። ለእኔ ዓለም ማለት ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ፣ ሲበዛ እስከ አፍንጮ በር ነበረ።

ሰበታን አልፈን ሜዳው ሲከፈት ግን አንድ ነገር ሆንሁ። ጥቅምት ነው፤ ጤፉ ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ወርቅ መስሎ ነፋስ ሲያስተኛው አያለሁ። እኔ ቀጥ ያለ ነገር የማውቀው በካውያ የተተኮሰ ሱሪ ነው፤ ይኼ ማንም ሳይነካው ተስተካክሎ ተዘርግቷል። መስኮቱ ላይ ግንባሬን አስደግፌ መቆጣት ረሳሁ። ጋሽ ሳህሌ አጠገቤ ሆነው ስለ ደምሴ አባት ያወራሉ፤ እኔ «እህ፣ እህ» እያልሁ አሞራ እከተላለሁ። አዋሽን ስንሻገር ተነሥቼ ቆምሁ። ወንዙን ለማየት! የአርባ አምስት ዓመት ሰው።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ሰው ምን ይላል?» አሉኝ ጋሽ ሳህሌ። «የምንሄደው ለለቅሶ እኮ ነው።»

ተቀመጥሁ። ግን ዓይኔ አልተቀመጠም።

ከቱሉ ቦሎ ወዲህ ጎማው ፈነዳ። ተጠግኖ ጥቂት እንደሄድን ሌላው ፈነዳ። ሁላችንም ወርደን መንገድ ዳር ቆምን። ፒያሳ ቢሆን ሾፌሩን በስድብ አጥበው ነበር፤ እዚህ ማንም አልተናደደም። አንዲት የአካባቢው ሴት ወተት በቅል ይዘው መጥተው ለሁላችንም አዞሩልን፤ ማንነታችንን እንኳ አልጠየቁም። አንድ የሽንኩርት ነጋዴ የእኔን ሱሪ ከላይ እስከ ታች አየና፣ «የአራዳው፣ ይኼን ማን ተኮሰልህ? ላሞቹ ሹም መጣ ብለው ተነሥተው ቆሙልህ እኮ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በራሴ ላይ ከሳቅሁ ስንት ዓመቴ እንደሆነ አላስታውስም።

ወሊሶ ስንደርስ መሽቶ ስለነበረ እዚያ አደርን። ማደሪያው ሁለት አልጋ ያለው ጭቃ ቤት ነው፤ መብራቱ ኩራዝ፣ ውኃው ከእንስራ፣ ቁንጫው ግን ያለ ስስት። ቤቴ ያለችው አምፑል ስትጠፋ ስንት ጊዜ ተራግሜያለሁ! ቦኖው ላይ ሰልፍ ረዘመ ብዬ ስንት ሴት አስቀይሜያለሁ! ውኃው ከቧንቧ እንደሚወርድ አንድ ቀን እንኳ አስቤበት አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ

ጠዋት የጋሽ ሳህሌ እግር አብጦ ተነሣ።

«ይኸው እንስራ አክሏል» አሉኝ ሱሪያቸውን ሰብስበው። «እዚህ ወሊሶ ያለው ፍል ውኃ ውስጥ ልንከረውና ነገ እንሂድ።»

«ነገ? ሥራዬን ማን ይሠራልኛል?»

«መርዶ እንደ ካፖርት ለዕለቱ ካልደረሰ አይባልም አየለ። ቀስ ተብሎ ነው።»

«እርስዎ ይንከሩ፤ እኔ እቀድማለሁ።»

«ብቻህን? መርዶ ነግረህ ታውቃለህ?»

«አፍ አለኝ።»

«እሱን ነው የምፈራው።»

ተጨቃጨቅን። እኔም የማይባል ነገር ተናገርሁ፤ «እግርዎን ሰበብ አድርገው ፍል ውኃው ውስጥ ሊዝናኑ ነው» አልሁ ሽማግሌውን። እጄን ያዙ። «እንግዲያው ስማኝ። ከደረስህ ቤታቸው እንዳትገባ። የማን እንግዳ እንደሆንህ ለማንም አትናገር። የቄሱን ቤት ጠይቀህ እዚያ ጠብቀኝ። ጎህ ሲቀድ ከአገር ሽማግሎች ጋር ሄደን እንነግራቸዋለን። ከቤታቸው ውኃ እንኳ እንዳትቀምስ። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

ለእድሩ ስመለስ «የቸኮልሁት ለሥራዬ ነው» ብያለሁ። ውሸት ነው። መንገዱ ጥሞኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማየት ፈልጌ አንድ በሽተኛ ሽማግሌ ጥዬ ሄድሁ።

በጭነት መኪና ላይ፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወልቂጤ ገባሁ። ነፋሱ ጉንጬን ሲመታኝ የምሄድበትን ጉዳይ ጨርሼ ረሳሁት፤ እንዲያውም ሳላውቀው እያፏጨሁ ነበር። ከወልቂጤ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ጫማዬ ፒያሳ አስፋልት ላይ ቄንጠኛ ነበረ፤ እዚህ በየአሥር እርምጃው ጭቃው ሲያወልቀው ቆሜ እለቅመዋለሁ። በመጨረሻ በእጄ ይዤው ሄድሁ።

የደምሴ አገር ስገባ ቆሜ ቀረሁ። መንደሩን የሚያቋርጥ ሰፊ የሣር ጎዳና አላቸው፤ ጀፎረ ይሉታል። ግራና ቀኙ አጥር፣ ከአጥሩ ኋላ እንሰት፣ ከእንሰቱ መካከል ትልልቅ ክብ ቤቶች። እኛ ዋናው መንገዳችን ብለን የምንኮራበት የፒያሳው አስፋልት ከዚህ ጋር ሲተያይ የኋላ በር ነው። ማንም ቆሻሻ አይጥልበትም፤ ላም ይግጥበታል፣ ሠርግ ይሠረግበታል፣ ለቅሶ ይለቀስበታል። ደምሴ አንድ ቀን ሊነግረኝ ጀምሮ «የገጠር ወሬህን ተወኝ» ብዬዋለሁ።

አጥር የሚያጥሩ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና «የቄሱ ቤት የት ነው?» አልሁ።

«ከየት ነህ?»

«ከአዲስ አበባ።»

«የማን እንግዳ?»

እዚህ ላይ ነው የጠፋሁት። «የማንም አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ደክሞኛል፣ ደስ ብሎኛል፣ እንደ ታላቅ ሰው መታየትም ሳያምረኝ አልቀረም። «የደምሴ አመርጋ የሥራ ባልደረባ ነኝ» አልሁ።

ሽማግሌው መጥረቢያውን ጥለው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ከልለው ወደ ታችኛው ቤት ተጣሩ። ያ ቤት ወደሚቀጥለው ተጣራ። ከሁሉም አፍ የተረዳሁት «ደምሴ» የሚለውን ብቻ ነው። አንዲት ደቂቃ ሳትሞላ አንድ ረጅም ሽማግሌ በባዶ ራሳቸው በሣሩ ላይ እየሮጡ መጡ። አቶ አመርጋ ነበሩ፣ የደምሴ አባት።

«አየለ ነህ? የደምሴ አየለ?» አሉ በአማርኛ፣ ትንፋሻቸው ተቆርጦ።

አይደለሁም ማለት እችል ነበር። «ነኝ» አልሁ።

አቅፈው አነሡኝ። ጫማዬን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ያዙልኝ። ወደ ቄሱ ቤት የሚወስደውን መንገድ በጀርባዬ ትቼ ተከተልኋቸው።

ቤቱ ውስጡ ሰፊና ንጹሕ ነው፤ በአንድ ወገን ከብት፣ በሌላው ሰው፤ መካከሉ ላይ ትልቅ ምሰሶ። ወይዘሮ ብርነሽ፣ እናቱ፣ አማርኛ የሚያውቁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ብላ» እና «ተኛ»። ሞቅ ያለ ውኃ አምጥተው እግሬን አጠቡ። ሃያ ዓመት ቆሜ በመተኮስ ያበጠ እግሬን፣ ኪንታሮት ያወጣ ጣቴን አንድ በአንድ። «ኧረ ይተዉ እማማ» ብል «ብላ» አሉኝ። ገና የሚበላ አልቀረበም።

ከዚያ ቀረበ። በኮባ ቅጠል ላይ ክትፎ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ስስ ሆኖ የተጋገረ ቆጮ። አቶ አመርጋ ከጓዳ አንድ በኮባ የተጠቀለለ ነገር አመጡና ፊቴ ፈቱት። ቅቤ ነው። «የደምሴ የመስቀል ድርሻው ነው» አሉ። «መስቀል መጥቶ ሳይበላው ቀረ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብሎ ላከብን። ላንተ ይሁን። አንተ በላኸው ማለት እሱ በላው ማለት ነው።»

በላሁ። እናንተ የሰፈሬ ሰዎች፣ ልሸሽጋችሁ አልችልም፣ በደንብ በላሁ። ርቦኝ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ክትፎም በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም። የሞተ ሰው ድርሻ መሆኑን በአፌ ውስጥ እያለ አስታወስሁት፤ ዋጥሁት። እንዲያውም ሲጨምሩልኝ እምቢ አላልሁም። እናቲቱ ደግሞ በእጃቸው የቀረውን ቅቤ ግንባሬን ቀቡኝ።

«ይኼን ሁሉ ለምን ደከማችሁ?» አልሁ በመጨረሻ።

«ለምን?» ሳቁ አቶ አመርጋ። «ልጄን ያስጠጋኸው አንተ አይደለህ? ወረቀቱ ላይ ሁሉንም ነግሮናል እኮ!» ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለ የቆዳ ከረጢት አውርደው ሰባት ይሁን ስምንት ደብዳቤ አወጡ። «ቄሱ ሲመቻቸው ያነቡልናል። ከቤቱ ሰው አፍ ስንሰማው ግን ይለያል። እስቲ አንብብልን።»

የደምሴን እጅ ጽሑፍ አውቀዋለሁ። ከዚያ ጽሑፍ ነው የተማርሁት። ገና ደጅ ብርሃን ነበረ፤ በሩ አጠገብ ተቀምጬ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድሁ አነበብሁ። አባትየው በቋንቋቸው ለሚስታቸው ይነግራሉ።

«ይድረስ ለአባቴ ለአቶ አመርጋ። ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የማድረው ጋሽ አየለ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ቤት ነው። አልጋውን ለእኔ ለቆ እሱ መደብ ላይ ይተኛል። ሚስቱ ወይዘሮ አስካለ እንደ እናት ናት። ክረምቱ ቢበረታም ብርድ የሚባል አላውቅም። ስለዚህ እናቴ አታልቅስ።»

ጣቴ ቆመ። አላነበብ እንዳለኝ መስሏቸው «ቀስ በል፣ ቀስ በል» አሉኝ በትዕግሥት። ሁሉንም አነበብሁ። በሁሉም ውስጥ አለሁ። በአንዱ ደምሴን ሾርባ አጠጥቼዋለሁ። በአንዱ ካፖርቴን አልብሼዋለሁ። እናቲቱ በእያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን እየነቀነቁ እኔን ያዩኛል።

ከዚያ በራሳቸው አልጋ ላይ አስተኙኝ፤ «ተኛ» አሉኝ እናቲቱ። እነሱ መሬት ተኙ። ሌሊቱን ዝም ብዬ ልለፈው።

ረቡዕ

ጎህ ሳይቀድ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ቄሱ ቤት ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ አስቤ ነበር። ጀፎረው ላይ ስደርስ ሰዎች ሲመጡ አየሁ፤ ቄሱ፣ አራት ሽማግሎች፣ በመካከላቸው በዱላ የሚያነክሱ ጋሽ ሳህሌ። ለካ ሥጋት አላስቀምጣቸው ብሎ ትናንት ከሰዓት በኋላ በሌላ መኪና፣ ከዚያም በበቅሎ ተከትለውኝ ኖሯል። ቄሱ ቤት ሲያጡኝ የት እንዳለሁ ገባቸው።

ፊቴን አዩ። ቅቤው ገና ያብረቀርቃል።

«ገባህ?»

«ገባሁ።»

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ምን በላህ?»

«ክትፎ።»

በነጠላቸው ጫፍ ግንባሬን ጠረጉልኝ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ «ከኋላ ሁን» አሉኝ።

አቶ አመርጋ አጥራቸው በር ላይ ቆመው ነበር፤ እንግዳው ወዴት ሄደ ብለው ወጥተው ነው። በዚያ ሰዓት ሽማግሎች በሰልፍ ሲመጡ ማንም የሚስተው ነገር አይደለም። አንድ በአንድ አዩዋቸው። በመጨረሻ ከኋላ እኔን አዩኝ። ቄሱ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ አመርጋ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸውና ለእኔ በአማርኛ ተናገሩ።

«ማታ ደብዳቤውን ስታነብልኝ ሞቶ ነበር?»

«አዎ።»

«ቅቤውን ስትበላ?»

«አዎ አባባ።»

ራሳቸውን ይዘው እዚያው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ከቤት ውስጥ የእናቲቱ ጩኸት ተሰማ፤ ማንም ገና አልነገራቸውም ነበር።

ሐሙስና ዓርብ

ስለ ለቅሶው አልጽፍም። አገሩ ሁሉ ጀፎረው ላይ ወጣ፤ ከሩቅ መንደር በበቅሎ የመጣ አለ። እኛ ፒያሳ ደምሴን የቀበርነው በግማሽ ቀን ነው፤ እኔም ከቀብር መልስ ያልተተኮሰ ልብስ አለ ብዬ ሱቅ ገባሁ።

የምጽፈው ይኼን ነው። በዚያ ሁሉ መካከል ወይዘሮ ብርነሽ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ፊታቸው ተቧጥሮ፣ ምግብ ያመጡትን ጎረቤቶች እየጠሩ ወደ እኔ ይጠቁማሉ። «ምን አሉ?» አልኋቸው ጋሽ ሳህሌን።

«እንግዳው በላ ወይ ይላሉ።»

ሁለተኛ ጊዜ ጠቆሙ። «አሁንስ?»

«ልጄ የተኛው በዚህ ሰው አልጋ ላይ ነው። በሰው እጅ ላይ ነው የሞተው። ሜዳ ላይ አልሞተም፣ ይላሉ።»

ሴቶቹ እየመጡ ጉልበቴን ሳሙ። ሽማግሎች ምንጣፍ አነጠፉልኝ። ጋሽ ሳህሌ እውነቱን ያውቃሉ፤ ደምሴ ሱቅ ውስጥ እንደሚያድር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔም አልተናገርሁም። ቆጮ አቀረቡልኝ፤ ወደ ጎን አደረግሁት። የእናቴን ሞት የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ሕፃን ሳለሁ ነው የሞተችው። ለእኔ ማን እንደዚህ «በላ ወይ» ብሎ እንደሚጠይቅ አሰብሁ። አንዲት ሴት ብቻ መጣችልኝ፤ በየማታው የምትጠይቀኝና በየማታው የምቆጣት አስካለ።

ቅዳሜ

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ተነሣን። ጋሽ ሳህሌ በእግራቸው ምክንያት በበቅሎ ወደ መኪናው መንገድ ቀደሙ። አቶ አመርጋ ሐዘንተኛ ናቸው፣ አይሸኙም ሲባል እምቢ ብለው እስከ መኪናው መንገድ ልሸኝህ አሉ። እናቲቱ ለአስካለ ብለው በኮባ የጠቀለሉትን ቆጮ ጠንከር ያለ ሸክም አድርገው አዘጋጅተው ነበር። ልቀበላቸው ብል አባትየው ቀድመው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። «ጥንት አራዳ ገበያ ተሸካሚ ነበርሁ» አሉኝ፤ «ጊዮርጊስ ያለው ገበያ ገና ሳይነሣ። ይቺ ምን አላት?»

ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ አላስችለኝ አለ።

«አባባ፣ ደምሴ እኔ ቤት አላደረም።»

መሄዳቸውን አላቆሙም።

«አንድ ቀንም አላደረም። ለምኖኝ ነበር። ሲያስለው ለምኖኝ ነበር። እምቢ አልሁት። የሚያድረው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ልብስ በምንተኩስበት ጠረጴዛ ላይ። የጻፈላችሁ ሁሉ ሐሰት ነው።»

ቆሙ። ሸክሙን እንዲወረውሩብኝ፣ በያዙት ዱላ እንዲመቱኝ ጠበቅሁ። ከልቤ ነው የጠበቅሁት። ዳገቱን ቁልቁል አዩ።

«ጠረጴዛው ሰፊ ነው?» አሉ።

«ሰፊ ነው። ሁለት ሰው ይተኩስበታል።»

«የሚደርበው ነበረው?»

«ሱቁ ውስጥ ካፖርት አይጠፋም። የደንበኞች ካፖርት።»

«እሺ።» ሸክሙን ከግራ ትከሻቸው ወደ ቀኝ አዞሩና መንገዱን ቀጠሉ። ተከተልኋቸው። «እኔ ልያዝ» ብል አልሰጡኝም። እስከ መኪናው መንገድ ድረስ የእኔን ስንቅ ተሸክመው ከፊቴ ሄዱ።

አውቶቡሱ ሲመጣ ሸክሙን ራሳቸው ጣራው ላይ አስጫኑ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝ።

«እናቱ በአልጋህ ላይ ያረፈ ይመስላታል።»

«አዎ።»

«እንደዚያው ይሁን። ለእሷ አትናገርም።»

«እሺ አባባ።»

«ለአርባው ትመጣለህ። ሚስትህን ይዘህ።»

«እኔ? እኔ በምን ፊቴ?»

«ካልመጣህ ትጠይቀኛለች። ስትመጣ ታቅፍሃለች፣ ትመርቅሃለች። ትመረቃለህ።»

«እንዴት አድርጌ አባባ?»

«ቁጭ ብለህ» አሉኝ፤ እጄን ለቀው ዞረው ሄዱ።

የመልሱ መንገድ ያው መንገድ ነው። መስኮት አጠገብ ላለመቀመጥ ወስኜ መካከል ተቀመጥሁ። ወሊሶን ስናልፍ አንገቴ ሲሰግግ ያዝሁት። አዋሽ ላይ ደግሞ ተነሥቼ ቆምሁ። በዚህ ጊዜ ጋሽ ሳህሌ ተቀመጥ አላሉኝም፤ እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን አዞሩ።

ሠራተኛ ሰፈር ስገባ እየመሸ ነበር። አምፑሏ በርታለች። ቦኖው ላይ ሰልፍ ነበረ፤ ከኋላ ቆሜ ተራዬን ጠብቄ ውኃ ቀዳሁ፤ ሴቶቹ ታምሜ መስሏቸው ተያዩ። አስካለ እግሬን አይታ ውኃ ልታሞቅ ስትነሣ አስቀመጥኋትና ሁሉንም ነገርኋት፤ ክትፎውን፣ ደብዳቤውን፣ በደብዳቤው ውስጥ እሷ እንዴት ያለች እናት እንደነበረች። ቆጮውን ታቅፋ ሰማችኝ።

«እኔ እኮ ምን አለበት ብዬህ ነበር» አለች።

«ብለሽኛል።»

«እኔስ ሄጄ ምን ልበላቸው? ልጅዎን አላውቀውም ልበል?»

እንጀራውን አቀረበች፤ ጨው አንሶታል፤ በላሁ፣ «እግዜር ይስጥሽ» አልኋት። ደንግጣ አየችኝ። በሃያ ዓመት ትዳር ውስጥ ይኼን ለመናገር ወልቂጤ ድረስ መሄድ፣ ያውም በሰው ልጅ ሞት መሄድ አስፈልጎኝ ነበር።

እንግዲህ ወልቂጤ ይኼን ይመስላል። አርባው ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። እሄዳለሁ፤ አስካለም ነጠላዋን አጥባለች። ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ደግሞ ልንገራችሁ፤ ካውያ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ሜዳው፣ ወንዙ፣ ያ ሰፊ የሣር ጎዳና ፊቴ ይመጣብኛል፤ ልቤ ተነሥ ተነሥ ይለኛል። ሰው ለእንዲህ ያለ ጉዳይ መንገድ ይናፍቃል? እኔ ናፍቄያለሁ። ደርሼ ወይዘሮ ብርነሽ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው በማላውቀው ቋንቋ ይመርቁኛል፤ ባላቸው ከጎናቸው ሆነው ዝም ብለው ያዩኛል፤ እኔም ቁጭ ብዬ አሜን እላለሁ።